የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጭራቁ ጣሪያ ላይ ምን ያደርጋል?

ባለፈው እትም ጃፓን ሳለሁ ስለተከራየኋት አሮጌ ቤት ጽፌ ነበር። መሃል ላይ «የሠፈሩ ጣሪያ ጫፍ ጫፉ ላይ የሚያስፈራ የሸክላ ፊት አለው» ብዬ አለፍኩ። ስለ ኪራዩም፣ ስለ ብርዱም የጠየቀኝ የለም። የመጣው ጥያቄ በሙሉ ስለዚያ ፊት ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የእሱ ይሁን።

አስቀድሜ ልናገር። እኔ መሐንዲስ እንጂ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ስድስት ዓመት የኖርኩት አይቺ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። አካባቢው የጃፓን የጣሪያ ሸክላ ዋና መፍለቂያ ስለሆነ፣ ብፈልግም ባልፈልግም ስለ ሸክላ እሰማ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከኪዮቶ ፎቶ ላከልኝ። ትልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። ጣሪያው ጫፍ ላይ ቀንድ ያለው፣ ጥርሱን ያገጠጠ ሰይጣን ተቀምጧል። ሰው እንዴት በገዛ ጸሎት ቤቱ ላይ ሰይጣን ያስቀምጣል? (ሰላማዊት፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ሰላማዊት፣ ከስሙ እንጀምር። ኦኒጋዋራ ይባላል። ካዋራ ማለት የጣሪያ ሸክላ ነው። ኦኒን ግን «ሰይጣን» ብለሽ ከተረጎምሽው መንገድ ትስቻለሽ። ኦኒ የሚቀርበው ወደ እኛ ጭራቅ ነው። «ዝም ካላልክ ጭራቅ ይበላሃል» እየተባልን ያደግንበት ዓይነት። ቀንድ አለው፣ ክራንቻ አለው፣ ሰው ይበላል። ከሰማይ የወደቀ መልአክ ግን አይደለም። ጉልበተኛ ነው፤ ጉልበተኛን ደግሞ ወዳጅ ማድረግ ይቻላል።

ይሄ የገባኝ በጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጃፓኖች በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 3 ገደማ ሴትሱቡን የሚባል ቀን አላቸው። የተቆላ አኩሪ አተር እየበተኑ «ኦኒ ውጣ! በረከት ግባ!» ይላሉ። ሰውዬው በራቸው ላይ ቆመው እንዲህ ሲጮሁ፣ ከራሳቸው በላይ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሌላ ኦኒ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል። «ያኛውስ?» አልኳቸው በጣቴ እያሳየሁ። ቀና ብለው አዩት። «እሱማ የኛ ነው» አሉኝ።

እሾህን በእሾህ ነው ነገሩ። ከውጭ የሚመጣን ክፉ ነገር ለመመለስ ከእሱ የባሰ አስፈሪ በር ላይ ይቆማል። ወንድምሽ ያነሳውን ፎቶ ደግመሽ እይው። ፊቱ የዞረው ወደ ጸሎት ቤቱ አይደለም፤ ወደ ውጭ ነው።

እኔን ግን ከፊቱ ይልቅ የሚገርመኝ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ለምን እዚያ ጫፍ ላይ? ለምን በሩ ላይ አይሆንም?

መልሱን ያገኘሁት ቤቴ ሲያፈስ ነው። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ለሳምንታት ሳያባራ ሲዘንብ፣ የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ። በየቀኑ ይሰፋል። አከራዬ ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው። ወደ ላይ አንዴ አዩና «ኦኒው ተነቃንቋል» አሉ። እኔ ተረት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጣሪያ ሠሪ መጣ። ጣቱ ለሁለት የተከፈለ የጨርቅ ጫማ አድርጎ እንደ ድመት ወጣ። እኔም መሰላሉን ይዤ ተከተልኩት።

የጃፓን ጣሪያ ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙበት አናት ላይ ጠፍጣፋ ሸክላዎች እንደ መጽሐፍ ተደራርበው ይቆለላሉ። በላያቸው ክብ ሸክላ ይደፋል። ውስጡ ጭቃና ኖራ ነው። ቁልሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ዝናብና ነፋስ ፊት ለፊት የሚመቱት እዚያ ነው። ኦኒጋዋራው የዚያ ክፍት ቦታ መክደኛ ነው። ከጀርባው በሽቦ ይታሰራል፤ ዙሪያው በኖራ ይመረጋል። የኔ ቤት ሽቦ ዝጎ ተበጥሷል። ሸክላው ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት አዘንብሏል። ውሃው በዚያች ሁለት ጣት ገብቶ እስከ ትራሴ ደርሷል።

ሰውዬው በመዳብ ሽቦ አሰረው። ኖራው ቃጫና ከባሕር አረም የተፈላ ሙጫ የገባበት ነበር። ሲጨርስ ሸክላውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ እንደ በሬ ሽንጥ።

የገረመኝ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። የኛ ቤት ኦኒ ጭራሽ ፊት የለውም። እንደ ደመና የተጠቀለለ ጌጥ ነው፤ መሃሉ ላይ «ውሃ» የሚል ፊደል ተቀርጿል። «ታዲያ ይሄም ኦኒ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ፊት ኖረው አልኖረው፣ እዚያ ቦታ የቆመ ሁሉ ስሙ ኦኒ ነው። ተራ ሰው ቤት ላይ የምታገኚው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ያለውን ወይም የቤተሰብ ምልክት ያለበትን ነው። «ውሃ» የሚለው ፊደል ለእሳት ነው። እንጨት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ትልቁ ጠላቱ እሳት ነውና።

መሰላሉ ላይ ቆሜ አያቴ ጎጆ አናት ላይ የተደፋችው ሸክላ ድስት ትዝ አለችኝ። እሷም ለጌጥ አልነበረም የወጣችው። ምሰሶውን ተከትሎ ዝናብ እንዳይገባ ነው።

ታሪኩም ይሄንኑ ይመስላል። የጣሪያ ሸክላ ጃፓን የገባው በ588 ነው። ዛሬ ኮሪያ በምንለው ምድር የነበረው የፔክቼ መንግሥት መነኮሳትን፣ አናጺዎችንና የሸክላ ባለሙያዎችን ላከ። እነሱም አስካ-ዴራ የሚባለውን ቤተ መቅደስ ሠሩ። ያኔ ሌላው ሕዝብ ቤቱን የሚከድነው በሣር፣ በሳንቃና በዛፍ ቅርፊት ነበር። ሺንቶ የጃፓን ነባር ሃይማኖት ነው፤ በኢሴ የሺንቶ መቅደስ በምታገለግለው ልዕልት ግቢ ውስጥ የቡድሃን ነገር በስሙ መጥራት ነውር ነበር። ስለዚህ ቤተ መቅደስ ለማለት «ሸክላ ክዳን» ይሉ ነበር። ሸክላ የከደነ ሌላ ማን አለና!

ያ ቤተ መቅደስ በ718 ወደ ናራ ተዛወረ፤ ጋንጎ-ጂ ተባለ። ከጥንቶቹ ሸክላዎች የተወሰኑት ዛሬም እዚያ ጣሪያ ላይ ሥራ ላይ ናቸው። 1,400 ዓመት ዝናብ ወርዶባቸዋል። ግራጫው መሃል ቀላ፣ ቡኒ ያሉት እነሱ ናቸው፤ ከታች ቆመሽ ትለያቸዋለሽ።

እና በዚያ በመጀመሪያው ዘመን የጣሪያው ጫፍ ላይ ጭራቅ አልነበረም። የሎተስ አበባ ነበር። የአውሬ ፊት የመጣው በ700ዎቹ፣ ናራ ዋና ከተማ በሆነችበት ዘመን ነው። ወንድምሽ ያነሳው ቀንዳሙ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ ከ1300ዎቹና ከ1400ዎቹ ወዲህ ነው የተለመደው። እንደኔ እንደኔ መጀመሪያ የነበረው ቀዳዳው ነው። አበባውም፣ አውሬውም፣ ጭራቁም ተራ በተራ መጥተው የተቀመጡት ቤቱ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ኪዮቶ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር። ጠባብ መንገድ ላይ ያሉ የእንጨት ቤቶች ከበራቸው በላይ ትንሽ ጣሪያ አላቸው። እዚያ ላይ ጺማም፣ ሰይፍ የያዘ፣ የተቆጣ ትንሽ የሸክላ ሰው ቆሟል። ሁሉም ቤት ላይ ግን የለም። ይሄም ኦኒ ነው? (ዮናስ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ዮናስ፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። ብዙ ቱሪስት ስልኩን እያየ ከሥሩ ያልፋል። እሱ ኦኒ አይደለም፤ ኦኒ የሚበላ ነው። ሾኪ ይባላል። የትውልድ አገሩ ቻይና ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሾኪ የመንግሥት ፈተና የወሰደ ጎበዝ ተማሪ ነበር። መልኩ አስቀያሚ ነው ተብሎ የሚገባውን ክብር ከለከሉት። በንዴት ራሱን ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ ጋር አጋጭቶ ሞተ። በክብር ቀበሩት። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ700ዎቹ፣ የታንግ ንጉሥ ሹዋንዞንግ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ በሕልሙ አንድ ጺማም ግዙፍ ሰው መጣ። ንጉሡን የሚያሠቃየውን ትንሽ ጋኔን ይዞ ዋጠው። ንጉሡ ሲነቃ ትኩሳቱ ለቆታል። ከዚያ ወዲህ የሾኪ ሥዕል በየቤቱ ተሰቀለ።

ኪዮቶ ጣሪያ ላይ እንዴት ወጣ? እዚህ ላይ ነገሩ የጎረቤት ጠብ ይሆናል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሲወራ የነበረ ታሪክ ነው። ሳንጆ በሚባለው መንገድ ላይ አንድ መድኃኒት ሻጭ ቤቱ ላይ ግርማ ያለው ትልቅ ኦኒጋዋራ አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ፊት ለፊቱ ያለው ቤት ሴትየዋ ታመመች። መድኃኒት ቢሉ፣ ጸሎት ቢሉ አልሻል አላት። በኋላ ነገሩ ተገለጠ። መድኃኒት ሻጩን ሊጎዳ የመጣው ክፉ መንፈስ የኦኒውን ፊት ያይና ይደነግጣል። ከዚያ የት ይሂድ? ዞር ሲል ፊት ለፊት ያለው በር ክፍት ነው። ገባ!

ቤተሰቡ መላ መታ። ኦኒን የሚያሸንፍ ማን ነው? ሾኪ። ፉካኩሳ ወደሚባለው የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ሄደው ሾኪ አሠሩ። ከመድኃኒት ቤቱ ኦኒ ትይዩ አቆሙት። ሴትየዋም ተነሳች ይላል ታሪኩ።

ስለዚህ ሁሉም ቤት ላይ ያላየኸው ለዚህ ነው። ሾኪ የሚያስፈልገው አንድ የሚያፈጥብህ ነገር ካለ ነው። የቤተ መቅደስ ኦኒ ፊት ለፊትህ ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ቀጥ ብሎ በርህ ላይ ከመጣ። ጨዋነትም አለው። ማዶ ያለውም ሾኪ ካቆመ ዓይን ለዓይን እንዳይፋጠጡ ትንሽ ዘወር አድርገው ያቆሟቸዋል። ሌላ መላም አለ። ጎረቤት ሾኪ ሲያቆምብህ አንተ ኦታፉኩ ታቆማለህ። ጉንጫም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቁጣውን በሳቅ ትመልሰዋለች። የአጥር ድንበር ክርክር በዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር!

ጥያቄ፦ ልጄ ጃፓን ደርሳ ስትመለስ ሳህን የምታህል የጭራቅ ፊት አመጣችልኝ። «እማዬ፣ ቤት ይጠብቃል» አለችኝ። ሳሎን ልሰቅለው ፈራሁ። ጓደኞቼ «አውጥተሽ ጣይው» ይሉኛል። ልጄን ላስቀይማት አልፈልግም። ምን ይሻለኛል? (እናት ነኝ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እትዬ፣ የመንፈሱን ነገር ለንስሐ አባትዎ ልተወው። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ።

ልጅዎ ያመጣችልዎ ለማስታወሻ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ የጣሪያ ሥራ ሲቀንስባቸው ትንንሹን መሥራት ጀምረዋል። አይታጠንለትም፣ አይሰገድለትም። ጃፓን ቤት ውስጥ መግቢያው ላይ ከጃንጥላ ማስቀመጫው አጠገብ ያዩታል። እኔ በኖርኩበት አይቺ ያለችው ታካሃማ ከተማ ውስጥ ደግሞ የእግር መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ራሱን እየዳበሱት ያልፋሉ።

ጃፓኖችም ቢሆኑ ይስቁበታል። ኪዮጌን የሚባል ጥንታዊ የቀልድ ትያትር አላቸው። በአንዱ ላይ የገጠር ባላባት ለክርክር ዋና ከተማ መጥቶ ብዙ ከርሟል። ጉዳዩን ረታ። ሊያመሰግን ቤተ መቅደስ ሄደ። ቀና ሲል ኦኒጋዋራውን አየና እንባው ዱብ ዱብ አለ። አሽከሩ «ምን ሆኑ ጌታዬ?» ሲለው፣ «ሚስቴን መሰለኝ» አለ! አፍንጫዋ፣ አፏ፣ ቁርጥ እሷን። ናፍቆት ነው እንግዲህ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይስቃሉ።

ሳሎን ከከበደዎ የልጅዎ መኝታ ቤት ይሰቀል። ከሰቀሉት ግን በጠንካራ ሚስማር ይሁን። ሸክላ ነው፤ ይከብዳል። ራስ ላይ ከወደቀ ያኔ በእርግጥ ሰይጣን ነው።

ጥያቄ፦ ሸክላ ሥራ ላይ ነኝ። ፎቶ ላይ እንዳየሁት የጃፓን ጣሪያ እንደ ብር ያበራል። ቀለም ነው ወይስ ሌላ? ፊቱንስ በቅርጽ ማውጫ ነው የሚሠሩት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ጋ ስደርስ እጄን ማሸት ጀመርኩ። ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

ቀለም አይደለም፤ ጭስ ነው። ኢቡሺ ይሉታል። ሸክላው ወደ 1,100 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። ሲያበቃ አየር ይዘጋበታል። ከዚያ ያልተቃጠለ ጋዝ ይለቀቅበታል፤ ዱሮ የጥድ ቅርንጫፍ ነበር የሚጨምሩት። ኦክስጅን ስለሌለ ካርቦኑ አይነድም። ሸክላው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይለጠፋል። ያ ነው ብሩ። ከዓመታት በኋላ ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ አሮጌ ጣሪያ ዝንጉርጉር የሚሆነው ለዚያ ነው።

ፊቱን በተመለከተ ሁለቱም አለ። በናራ ዘመን በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የሚወጣ ጠፍጣፋ ነበር። ዛሬም ርካሹ እንደዚያ ነው። ዋናው ግን በእጅ ነው። ሠሪዎቹ ኦኒሺ ይባላሉ፤ የኦኒ ባለሙያ እንደማለት። ሳንሹ በሚባለው አካባቢ፣ ታካሃማና ሄኪናን ከተሞች ውስጥ፣ ብዙዎቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ትንንሽ ዎርክሾፖች ናቸው። የሳንሹ ኦኒጋዋራ በ2017 በመንግሥት የባህላዊ ዕደ ጥበብ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ታካሃማ ከ1995 ጀምሮ የጣሪያ ሸክላ ሙዚየምም አላት። ከናጎያ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከሄድክ እንዳያመልጥህ።

አንዱ ዎርክሾፕ ውስጥ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሥራው በወረቀት ይጀመራል። ሸክላው ሲደርቅና ሲተኮስ ወደ 10 በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር፣ ሥዕሉ ቀድሞ በዚያው ልክ ተልቆ ይሣላል። ከዚያ የጭቃ ሰሌዳ ይቆረጣል። በላዩ አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ ጉንጩ በቁራጭ በቁራጭ ይጫናል። የሚገናኙት ቦታዎች ይቧጨራሉ፤ ቀጭን ጭቃ ይቀባሉ። አንተ የምታውቀው ነው፤ እንስራ ላይ ጆሮ ስትለጥፍ የምታደርገው። ጀርባው ባዶ ይደረጋል፤ አለበለዚያ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። የሽቦ ማሰሪያ ጆሮም ይወጣለታል።

የቆየሁት ለዓይኑ ስል ነው። ሠሪው ቀጭን የብረት ማለስለሻ ይዞ የዓይኑን ጠርዝ ደጋግሞ ያሸዋል። ውሃ ነካ ያደርጋል፣ ያሸዋል። ጭቃው እንደ ቆዳ መብረቅ ጀመረ። እዚህ ላይ የለሰለሰው ነው በኋላ ብሩን አጥርቶ የሚይዘው። ከዚያ ፊቱን ከፍ ያለ ማቆሚያ ላይ አስደገፈውና መሬት ላይ ተቀመጠ። ወደ ላይ እያየ ዝም አለ። ተነስቶ የላይኛውን ቅንድብ ወደ ፊት ገፋው። ከአጠገቡ ስታየው ቅንድቡ ከልክ በላይ ወጣ፤ ተበላሸ አልኩ በሆዴ። እኔም መሬት ተቀምጬ አየሁት። ቁልቁል አፈጠጠብኝ። ለካ ፊቱ የሚሠራው ከታች ለሚያልፍ ሰው ነው።

ከዚያ ሳምንታት ይደርቃል። ቀስ ብሎ ነው፤ የቸኮለ ይሰነጠቅበታል።

ኦኪናዋ ደሴቶች ላይ ደግሞ ከዚህ የቀለለ፣ ለኔ ግን ይበልጥ ደስ የሚል ወግ አለ። እዚያ ጣሪያው ቀይ ነው። ተራው ሕዝብ የሸክላ ጣሪያ እንዲሠራ የተፈቀደለት በ1889 ነው። ጣሪያ ሠሪዎቹ ሥራ ሲጨርሱ የተሰበረውን ሸክላና የተረፈውን ኖራ ይሰበስባሉ። ከእሱ አንበሳ ሠርተው ጣሪያው ላይ ያስቀምጣሉ። ሺሳ ይባላል። ሁሉም ሺሳ የየሠሪው እጅ ነው፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ድመት ይመስላል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። የጃፓን ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ የወርቅ ዓሣ ጅራቱን ሰቅሎ አየሁ። ዓሣ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? (አቤል፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አቤል ጎበዝ፣ አንተ ያየኸው የናጎያ ግንብ መሆን አለበት። ዓሣው ሻቺሆኮ ይባላል። ራሱ ነብር ነው፣ ገላው ዓሣ። ሥራው የእሳት አደጋ ነው። ቤቱ እሳት ሲነሳበት ከአፉ ውሃ ይተፋል ተብሎ ይታመናል። ሁለት ናቸው፤ በሰሜን ወንዱ፣ በደቡብ ሴቷ።

ግንቡ በ1612 ሲያልቅ ዓሣዎቹ በወርቅ ተለበጡ። በኋላ የአገሩ ገዢዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው ወርቁን ሦስት ጊዜ እያወረዱ አቀለጡት፤ እየቀነሱ መልሰው ለበጡት። በ1937 ደግሞ አንድ ሌባ ወጥቶ 58 ቅርፊት ነቅሎ ነበር፤ ተያዘ። በ1945 በጦርነቱ ጊዜ ግንቡ በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ። ዓሣዎቹም አብረው ነደዱ። ያ ሁሉ እሳት ከአቅማቸው በላይ ነበር። የዛሬዎቹ በ1959 የተሠሩ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 44 ኪሎ ገደማ ባለ 18 ካራት ወርቅ አለ። ካንተ ክብደት ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ውስጥ ያን ያህል ሸክላ ጣሪያ ላይ መጫን እብደት አይደለም? (የኮንስትራክሽን ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በሙያዬ መጣህብኝ። ሸክላ መጀመሪያ የተመረጠው ለእሳት ነው። የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የዱሮዋ ኢዶ፣ በ1657 አብዛኛው ክፍሏ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ መንግሥት፣ ነገሩ ቢገርምም፣ የሸክላ ጣሪያን ከለከለ። የሚፈርሰው ሸክላ ሰው ይጎዳል ተብሎ ነው። በ1674 ኒሺሙራ ሃንቤ የሚባል ሰው ቀለል ያለ አዲስ ሸክላ ፈጠረ። በ1720 ክልከላው ተነሳ፤ እንዲያውም «በሸክላ ክደኑ» ተባለ።

ክብደቱ ግን አስወቀሰው። በ1995 ኮቤ ሲናወጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሸክላቸውን ተሸክመው ተደረመሱ። ሕዝቡ ሸክላውን ፈራ። እንደኔ ጥፋቱ የሸክላው ብቻ አልነበረም። ብዙዎቹ የፈረሱት ከ1981ዱ የግንባታ ሕግ በፊት የተሠሩ፣ ግድግዳቸው የሳሳ፣ ሸክላቸው ጭቃ ላይ ብቻ የተቀመጠ ቤቶች ናቸው። ግድግዳው በልኩ ከተሰላ ጣሪያው ሸክላ ቢሆን ችግር የለውም። ዛሬ ጭቃው ቀርቷል። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በአዲስ ቤት ላይ እያንዳንዱ ሸክላ በሚስማር ወይም በብሎን እንዲታሰር ሕግ ያስገድዳል።

ኦኒውን የጎዳው ግን ከመሬት መንቀጥቀጡ ይልቅ የቤቱ ቅርጽ መለወጥ ነው። አዲሱ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ወይም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይጫንበታል። የተቆለለ አናት ከሌለ ክፍት ጫፍ የለም። ክፍት ጫፍ ከሌለ ኦኒው የት ይቆማል?

የኔም ቤት ፈርሷል። አገሬ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አከራዬ ወደ አፓርታማ ገቡ። ፎቶ ላኩልኝ። «ውሃ» የሚል ፊደል ያለበት ሸክላ በራቸው አጠገብ፣ ከአበባ ማሰሮው ጎን ቁጭ ብሏል። ጎን ለጎን ስለተነሳ ጀርባው ትንሽ ይታያል። የመዳብ ሽቦው አልተፈታም።